ሄደህ ነበር?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደባርቅ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ጋቢ አያግደውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማል። እኔ ውጭ፣ የግንቡን ጥግ ይዤ፣ ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ጠቅልዬ ቆሜአለሁ። አጠገቤ አንዲት እማሆይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ከብዙ መታሸት የተነሣ ቅባት የጠጣ የሚመስል የእንጨት መቁጠሪያ ይዘዋል።

ቆሜአለሁ አልኩ እንጂ የቆመውስ እግሬ ነው። ልቤ መጀመሪያ ወደ ስልኬ ባትሪ ሄደች። ከዚያ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ይሞላ ይሆን ወደሚለው። ከዚያ ከሦስት ወር በፊት ለአንድ ሰው መመለስ ሲገባኝ ያልመለስኩለት መልስ ትዝ አለኝና እዚያው በጨለማው ውስጥ ሆኜ ጥሩ አድርጌ መለስኩለት። እያሸነፍኩት ሳለሁ እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሄደህ ነበር?»

«ኧረ አልሄድኩም እማሆይ፤ እዚሁ ነኝ።»

«እግርህንስ አይቸዋለሁ» አሉና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እማሆይ ለጠየቁኝ ነገር ስም አላቸው፤ ሰቂለ ልቡና ይሉታል። ሰቀለ የሚለውን ግስ ባላገር ሁሉ ያውቀዋል። አይጥ እንዳይደርስበት ዘሩ ከጣራው ማገር ላይ ይሰቀላል። ልብም እንደዚያው ነው፤ መሬት ላይ ከተቀመጠች የሚበላት ብዙ ስለሆነ ወደ ላይ፣ ወደ እግዚአብሔር ትሰቀላለች። በቅዳሴው መካከል ካህኑ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ያዝዛል፤ ሕዝቡም ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው ብሎ ይመልሳል። እኔ ይህን መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ በዜማ ስመልስ ኖሬአለሁ። እውነት ሆኖ የተገኘበትን ቀን ቁጠር ብባል ግን የአንድ እጄ ጣቶች ይተርፋሉ።

ጭንቀቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈው በሂንዱዎቹ ብሃገቫድ ጊታ፣ በስድስተኛው ምዕራፍ፣ ጦረኛው አርጁና ለክሪሽና አቤት ይላል። ልብ ትወራጫለች፣ ትታገላለች፣ እሷን መያዝ ነፋስን የመያዝ ያህል ይከብዳል ይለዋል። ክሪሽና አይቆጣውም፣ አይክደውምም። እውነትህን ነው፣ አስቸጋሪ ናት፣ ነገር ግን በልምምድና ነገርን በመተው ትያዛለች ብሎ ይመልስለታል። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሩን የህንድ መምህራን ሒሳብና ፊዚክስ አስጨንቀው አስተማሩን እንጂ ይህን አልነገሩንም። ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ስለነበሩ አይፈረድባቸውም።

ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለው የቤንጋል መምህር ደግሞ በ1896 እ.ኤ.አ. በታተመው ራጃ ዮጋ በተባለው መጽሐፉ የሰውን ልብ በዝንጀሮ መስሏታል። ዝንጀሮዋ ከተፈጥሮዋ ቅብጥብጥ መሆኗ ሳያንስ ወይን ጠጣች፣ ከዚያ ጊንጥ ነደፋት፣ በመጨረሻም ጋኔን ገባባት። ምሳሌው ዓለምን ዞሯል። እኔ ግን ሰውየው ሰሜን ተራሮችን አይቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ እንስሳ ይፈልግ ነበር እላለሁ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ፓርኩ ውስጥ የሚሰማራው ጭላዳ ቀኑን ሙሉ በቂጡ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። አንድ ቦታ ሲጨርስ እንኳ አይነሣም፤ እንደተቀመጠ ሸርተት ይልና ይቀጥላል። ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጦ ገደሉን አያየውም። ቱሪስቱ ሦስት እርምጃ ያህል ቀርቦ ካሜራ ሲደቅንበትም ሣሩን ነው የሚያየው። ልቤ እንደ ጭላዳ በሆነችልኝ ብዬ ተመኝቻለሁ።

የሰሜን ሰው ስለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ሲፈልግ ግን ወደ ጭላዳ አይሄድም፤ ወደ ያሬድ ነው የሚሄደው።

ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ከዚህ ከተራራው ሥር ሆኖ ሲሰሙት ሌላ ይሆናል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም፣ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ያዜማል። ንጉሡ ጦሩን ተደግፎ ይሰማል። በዜማው ተመስጦ ሳለ ጦሩ በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ደሙ ፈሰሰ። የወጋው አላወቀ፣ የተወጋው አላወቀ። ዜማው ሲያልቅ ነው ሁለቱም ያዩት። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ደምህ ዋጋ የምትሻውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ በመጀመሪያ አስማለው፤ ከዚያ ልመንኩስ፣ አሰናብተኝ አለ። ንጉሡ አዘነ፣ መሐላውን ግን ማፍረስ አልቻለም። ያሬድም ወደ ሀገረ ሰሜን መጥቶ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ኖረ፤ ያረፈውም እዚሁ ነው። ዝክሩ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ይህ ታሪክ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የዜማውን ጣዕም ለማድነቅ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የንጉሡ ነገር ነው። ያሬድ መነኩሴ ሊሆን የተጠራ ሰው ነው፤ ሕመም ባይሰማው አይደንቅም እንበል። ንጉሥ ግን ግብር አለበት፣ ጠላት አለበት፣ መኳንንቱ አሉበት። ልቡ የምትሄድበት አገር ከማንም ይበልጣል። እሱም ሳይሄድ ቀረ። አንዱ ሰው ልቡን ሲሰቅል አጠገቡ ያለውም ይሰቀልለታል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢቀጣው ከትምህርት ቤት የጠፋ ልጅ ነበር። ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች ደጋግማ የሞከረችውን ትል አይቶ ነው የተመለሰው። ፊደል እንኳ አልይዝ ያለች ልብ ኋላ ጦር እንኳ የማያስለቅቃት ሆነች። መካከል ላይ ያለው የዓመታት ልፋት ነው። ለአርጁና የተነገረውም ልምምድ እንዲህ ያለው ይመስለኛል።

ከበሮው ወደሚመታበት ልመለስ።

በር ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ወደ ፊት ዘንበል፣ ወደ ኋላ መለስ ይላሉ። ጸናጽሉ በአንድ ላይ ይወርዳል፤ አንድ ወጣት ደብተራ ግን አንድ ምት ቀድሞ አወረደው። ከአጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ልጁ ተመለሰ። የት ሄዶ እንደነበር የጠየቀው የለም።

ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም በዚያ በበአታ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን ትምህርት ለመማር ከዳባትም ከደባርቅም ልጆች አኩፋዳቸውን አንግተው ይወርዳሉ። ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ እያንዳንዱ ለእግር፣ ለእጅ፣ ለወገብ የታዘዘ ሥራ አለው። አፍ የሚለው ግእዝ ነው። ጆሮ የጎረቤትን ድምፅ ይጠብቃል። ዓይን መሪጌታውን ይጠብቃል። ዜማው ራሱ ሌላ ማሰሪያ አለው። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚሰፈሩትን ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ሊቃውንቱ ግን ስምንቱን ምልክቶች ከሕማማት ጋር አያይዘው ነው የሚያስተምሩት። ይዘት የጌታን መያዝ፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ፣ ሂደት ወደ ቀራንዮ መወሰዱን ያስታውሳል። ድምፁን የት እንደሚሰብር የሚያስብ ዘማሪ የሚያስበው ስለ ዜማ ብቻ አይደለም።

እንደኔ እንደኔ የዚህ አገር ትምህርት ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ልብን በልብ ልያዝ ብለህ ዓይንህን ጨፍነህ ብትቀመጥ ትንሸራተትብሃለች። ሥጋህን ሥራ ብታስይዘው ግን ልብ ብቻዋን የምትሄድበት ታጣለች። እግር ይቆማል፣ ወገብ ይሰግዳል፣ ጣት ይቆጥራል፣ አፍ ይደግማል፣ ሆድ ይጾማል። በየቤቱ ዳዊት የሚደግሙት ሰኞ ከአንድ እስከ 30 ያለውን፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 ያለውን እያሉ ሳምንቱን የሚያደርሱት ልባቸው ሁልጊዜ ስለፈቀደች አይደለም። ቀኑ ስለደረሰ ነው። ልብ ዘግይታም ቢሆን ትደርስበታለች።

ቤንጋልም ይህንኑ ያውቃል። ከ1486 እስከ 1534 እ.ኤ.አ. የኖረው ቻይታንያ ተከታዮቹን ይዞ በከበሮና በጸናጽል የክሪሽናን ስም እየጠራ በአደባባይ ያዜም ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የተመሠረተው የሐሬ ክርሽና ማኅበር የሱን መንገድ የተከተለ ነው። አባላቱ 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ የአምላካቸውን ስም የሚጠራውን ጸሎት በየቀኑ 16 ዙር ይቆጥራሉ፤ 1,728 ጊዜ መሆኑ ነው። በመቁጠሪያው ራስ ላይ አንዲት ተጨማሪ ፍሬ አለች፤ የአማልክት መኖሪያ በሆነው ተራራ ስም ሜሩ ትባላለች። ጣት እሷ ጋ ሲደርስ አይሻገራትም፤ ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። የእኛ መነኮሳት መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ አለው። 64ቱ እመቤታችን በምድር የኖረችበት ዘመን ነው። ጎህ ሳይቀድ የደባርቅ መስጊድ አዛን ሲል ደግሞ ተስቢሁን ይዞ የሚነሣ ጎረቤት አለ፤ የሱ 99 ነው። ቁጥሩ ይለያያል፣ አውራ ጣቱ ግን አንድ ነው።

ከመቁጠሪያው ይልቅ ያስገረመኝ ሌላ መመሳሰል ነው። ቪሽኑን የሚያመልኩ ሂንዱዎች ብሃገቫታ ፑራና በተባለው መጽሐፋቸው አምላካቸውን በልብ እንዴት እንደሚመለከቱት ተምረዋል። መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ደረቱን እያሉ አካል በአካል ሽቅብ ወጥተው ፈገግታው ላይ ያርፋሉ። ልብ አንድ ትልቅ ነገር በአንዴ ያዢ ስትባል ትፈራለች፤ አንድ ጣት ያዢ ስትባል ግን ትችላለች። ይህን ሳነብ መልክአ ኢየሱስና መልክአ ማርያም ትዝ አሉኝ። የእኛ ደራሲዎች ከስም ይጀምሩና ለፀጉር፣ ለርእስ፣ ለዓይን፣ ለከንፈር፣ ለክንድ ሰላምታ እያቀረቡ ቁልቁል እስከ እግር ጥፍር ይወርዳሉ። እያንዳንዱ አካል አምስት ስንኝ አለው። ህንዱ ከእግር ወደ ራስ፣ የእኛው ከራስ ወደ እግር ነው። የተማሩት ከአንድ ቤት አይደለም። መልክአ ማርያምን በቃሏ የምትደግም የዳባት እናት በጧት እሳት እያነደደች ለከንፈር የሚባለው ላይ ስትደርስ ወተቱ ቢገነፍልባት እንኳ ከየት እንደምትቀጥል አትስትም። መንገዱ ሰውነት ስለሆነ አይጠፋባትም።

ነገሩ አንድ ነው ብዬ ማለፍ ግን አልፈልግም። ሂንዱው የመረጠውን አምላክ መልክ በልቡ ሥሎ ማየቱ ራሱ መንገዱ ነው። በገዳሞቻችን ግን በጸሎት ላይ ለሚመጣ ራእይ ቶሎ አይታመንም፤ ወጣቱ መነኩሴ አየሁ ካለ አበው በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ትሕትናው ነው። ብርሃን ማየት በትምህርቱ አለ፣ ግን ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ነው ያለው።

መሰላሉ ዐሥር እርከን አለው። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ሲተረጎሙ ዐሥሩ ማዕረጋት ይነገራሉ። መጻሕፍቱ ከሶርያ ቋንቋ ተነሥተው፣ በዓረብኛ አልፈው ነው ግእዝ የደረሱት። ማር ይስሐቅ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ቀጠር በምትባለው አገር የተወለደ፣ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ጥሎ በረሃ የገባ ሰው ነው። ሹመት የሚያስጥል ምን አገኘ ብሎ የሚጠይቅ መጽሐፉን ይዞ መምህር ፊት ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ማዕረግ ጽማዌ፣ ዝምታ ነው። ሁለተኛው ልባዌ፣ ማስተዋል ነው። ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ነው፤ አፍ የሚለው ነገር ለልብ መጣፈጥ የሚጀምርበት። እስከዚያ ድረስ ሰው አፉ ሲጸልይ ልቡ ገበያ ትውላለች። ልብ በሉ፤ ሁለት ማዕረግ ያለፈ ሰው እንኳ ገና ልቡን እያሳደደ ነው። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። አራተኛው አንብዕ፣ እንባ ነው። ከዚያ በላይ ኩነኔ፣ ፍቅር፣ ሑሰት እያለ ወደ ላይ ይወጣል። መላእክትን ማየትና በብርሃን መስጠም የሚባሉት ከዚያ በኋላ ናቸው፤ እኔ ስለነሱ መጻፍ አይገባኝም።

ጽማዌን በተግባር ማየት የፈለገ ከደባርቅ ሊማሊሞን ይወርዳል። ጣሊያን በዶማና በድማሚት የቀደደው መንገድ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ያወርዳል፤ ብርዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ወበቅ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ የአባ ሳሙኤል ገዳም ዋልድባ አለ። መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም። ከሥራ ሥር የሚያዘጋጁትን ቋርፍ በልተው ነው የሚኖሩት። በ2004 ዓ.ም. የወልቃይት ስኳር ፕሮጀክት መሣሪያዎች ወደ አካባቢው ሲቀርቡ አቤቱታቸው አገር ሰምቶታል። ዝም ለማለት በረሃ የወረዱ ሰዎች ለዝምታቸው ሲሉ መጮህ ነበረባቸው።

ስለ ባዶ ሆድ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጾም ልብን ይሰበስባል ይባላል፤ ይሰበስብ ይሆናል። እኔ በሁዳዴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስቆይ የሚሰበሰበው ልቤ በሙሉ ሽሮው ላይ ነው። ይህን ለአንድ የቆሎ ተማሪ ብነግረው ሳቀብኝ። እሱ ከበር በር ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ ነው፤ ረሃብን በፈቃዱ አልጀመረውም። ሲርበው ቅኔ እንደሚቆጥር ነገረኝ። አንዱን ቤት ሳይጨርስ ረሃቡ እንደሚረሳው፣ ሲጨርስ ግን በእጥፍ እንደሚመጣ ነገረኝና ሁለተኛ ሳቀ።

ልብ የምትሄድበት ደግሞ ሁልጊዜ ሚኒባስና ሽሮ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ጭና በተባለች መንደር ብዙ ሲቪል ሰዎች ተገድለዋል። የተፈናቀለው በደባርቅ ተጠልሎ ከርሟል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ከነበሩ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ሰፍረዋል። በእነዚህ ከተሞች በቅዳሴ ሰዓት አንዲት ሴት ድንገት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን ልቧ የት እንደሄደች መጠየቅ አያስፈልግም። ሰቅለሽ ያዣት የሚላትም የለም። አንድ አዛውንት ቄስ ስለ አንብዕ ሲያስረዱኝ፣ ማዕረግ የሆነው እንባ በራስ ኃጢአት ላይ የሚፈሰው ነው፣ የሐዘን እንባ ሌላ ነው አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እግዚአብሔር ግን ሁለቱንም ያብሳል ብለው ጨመሩበት። ይህችኛዋን በየትኛው መጽሐፍ እንዳገኟት አልጠየቅኋቸውም።

ማኅሌቱ እየተጠናቀቀ ነው። ሰማዩ በስተምሥራቅ፣ በተራሮቹ በኩል፣ አመድማ ሆኗል። የቅዳሴው ደወል ሊደወል ጥቂት ቀርቶታል። እኔ አሁን ልቤን ትቼ የእማሆይን እጅ እያየሁ ነው። አውራ ጣታቸው ፍሬዋን ወደ ራሱ ይስባል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቀጣይዋን ይስባል። በድንገት ጣቱ ቆመ። ከዚያ አንዷን ፍሬ ወደ ኋላ መለሳት። ጥቂት ሄዶ እንደገና ቆመ፤ እንደገና አንድ መለሰ።

«ተሳሳቱ እንዴ እማሆይ?»

«አልተሳሳትኩም። ሄጄ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ይመለሳል እንዲህ?»

«አንዳንድ ሌሊት አርባ አንዷ ሳታልቅ ይነጋል» አሉ። መቁጠሪያውን ከእጃቸው ሳይለቁ፣ በሌላው እጃቸው ግንቡን ተደግፈው ተነሡ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ደወሉ ተደወለ፤ እሳቸው ወደ ሴቶቹ በር ሲያዘግሙ ከኋላ ሆኜ ጣታቸውን አየሁት። ከግንቡ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሁለት ጊዜ መለሷት።